ከዘጠና ስምንት በታች

«ቁም ሣጥኗን ፈተሽኩት፣ እማማ» አለች የስልከኛዋ ወንድም ሚስት ከኩሽና። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ቤት ግድግዳ ምሥጢር አይችልም፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባልበት ቤት ነው። ስልከኛዋ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የግራ ጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ክሩን እንደያዘች ቀረች። እናቷ «በሰው ዕቃ ምን አገባሽ?» እስክትል ጠበቀች። እናቷ ግን እንደዚያ አላለችም። «ምን አገኘሽ?» ነው ያለችው።

«የተቀቀለ እንቁላል፣ ስድስት ፍሬ። አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት። ኦቾሎኒ በላስቲክ። ከሹራቦቿ ሥር ነው የሸጎጠችው።»

የቧንቧው ውኃ ጥቂት ፈሰሰና ተዘጋ። «ተያት በቃ» አለች እናቷ። «ከእንግዲህ ብትበላስ ባትበላስ ምን ያደርግልናል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው የሚታማው በሌለበት ነውና። ያን ጧት ግን ጆሮዋ አልራራላትም። ተነሥታ ኩሽና ልትገባ፣ «ሰርቄ አይደለም የምበላው፣ ብዪ ተብዬ ነው» ልትል ዳዳት። ግን ይኼን ከሦስት ወር በፊት ብላው ነበር፤ የሰማትም አልነበረም። ክሩን ጨርሳ አሰረች። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በእጇ ደግፋ ዘጋችው። ሦስት ፎቅ ደረጃ ወርዳ ጎዳናው ላይ እስክትደርስ የእናቷ «ከእንግዲህ» ከጆሮዋ አልወጣም። ምን ለማለት ነው? ደግሞ ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። በውኃ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ስልክ ስታነሣ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ሰፈሩም ዘመዱም «ስልከኛዋ» የሚላት ለዚህ ነው። አላገባችም፤ ከእናቷም ቤት አልወጣችም። ታናሽ ወንድሟ የሒሳብ መምህር ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከደከሙ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሚስቱን ይዞ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰውም ይኼ ከመጣበት በኋላ ነው። ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ሲፈለግ ስልከኛዋ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። ደማቸው ገጠመ። ልቧ ጤነኛ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም የለባትም። እንቅፋቱ ክብደቷ ብቻ ነበር፤ መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ። «ከዘጠና ስምንት በታች ሲሆኑ ይምጡ» አለቻት ሐኪሟ። «በዚህ ኪሎ ቢላ ሥር ባስተኛዎት አንድ በሽተኛ ለማዳን ሌላ በሽተኛ መውለድ ነው የሚሆንብኝ።» ይኸው አሥራ አንደኛ ወሯን ይዛለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሆስፒታል ሄዳ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ቀጠሮውን ለቤተሰቡ አልነገረችም። ወረቀቱን ይዤ ነው የምመጣው ብላለች፤ ለራሷ።

ጧት የምትሄድበት ስፖርት ቤት ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ረጃጅም ሰዎች ሲዘሉ ጭንቅላታቸውን እንዲጠብቁ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የላብና የጎማ ምንጣፍ ሽታ አለው። አሰልጣኙ ስድሳ ዓመት የሞላው የድሮ ክብደት አንሺ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ሲቀመጥ እግሩን እንደ ዱላ ዘርግቶ ነው። ስልከኛዋ መጀመሪያ ቀን ከበሩ ቆማ ውስጥ ያሉትን ወጣቶች ስታይ ልትመለስ ነበር። «ግቢ እንጂ» አላት። «እዚህ ቤት የሚገባው ጤነኛ ለመሆን ነው፤ ጤነኛ የሆነ ሰው እቤቱ ነው የሚተኛው።» ሳቀች። ሳቋ ነው ያስገባት።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት የወረደው ክብደት ራሷንም አስደንግጧት ነበር። ሌላ ነገር አልሠራችም፤ ጧት ጧት የስታዲየሙን አጥር ሦስት ጊዜ ትዞራለች፣ ማታ ማታ እራት ትዘላለች። መቶ ሠላሳ አንዱ መቶ ሃያ ሆነ፣ መቶ ዐሥራ አምስት ሆነ፣ መቶ ስምንት ሆነ። ለመታጠቢያ ቤታቸው ሚዛን ተገዛ። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች፤ የወንድሟ ሚስት እልል ትላለች፤ ወንድሟ ከአልጋው ሆኖ «ስንት ሆነ?» ይልና ቀሪውን በቃሉ ያሰላል፣ ሒሳብ ነውና ሥራው። «በዚህ አያያዝሽ ሁለት ወር ተኩል ይበቃሻል» አላት አንድ ቀን። እሷም አመነችው። ከዚያ መቶ ስምንት ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት ቆመ፣ ሦስት ሳምንት ቆመ። እራት የዘለለችው ሴትዮ ምሳም መዝለል ጀመረች። የአጥሩን ዙር ከሦስት አራት አደረገችው። መቶ ስምንት። በስድስተኛው ሳምንት እናቷ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ መቆም ተወች። በዘጠነኛው ሳምንት ስልከኛዋ ከመሥሪያ ቤት ወንበሯ ስትነሣ ዓይኗ ጨለመባትና ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ግንባሯ ተጋጨ።

ስፖርት ቤቱ የገባችው በዚያው ሰሞን ነው፤ አሰልጣኙ በግንባሯ ላይ ያለውን እባጭ አይቶ አስቀመጣት። ምን እንደምትበላ ጠየቃት። ነገረችው። እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«አየሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ስትጀምሪ አጥሩን የምትዞሪው መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ተሸክመሽ ነው። አሁን የምትሸከሚው መቶ ስምንት ነው። መንገዱ ያው፣ እርምጃሽ ያው፣ ሸክሙ ግን ቀለለ። ሰውነትሽ ሥራውን ለመደው፤ እንደ ድሮ አይለፋበትም። ይኼ አንድ። ሁለተኛ ደግሞ አስራብሽው። የተራበ ሰውነት እንደ ክፉ ቀን ባልቴት ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ጓዳ ይከታል እንጂ አያወጣም። ሥጋሽን አቅልጠሽዋል፤ ስቡን ግን አቅፎ ተቀምጧል። ማንም አጭበርብረሻል እንዳይልሽ። አላጭበረበርሽም። ከሚገባው በላይ ነው የታመንሽ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሰኞና ሐሙስ ብረት ታነሣለች። ማክሰኞና ቅዳሜ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለውን ዳገት በአጭር በአጭሩ ፈጠን ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። በቀሩት ቀናት ታርፋለች፤ ዕረፍቱን እንደ ሥራ ቁጠሪው ተብላለች። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ነገር ይጨመርባታል፤ ወይ ሁለት ኪሎ ብረት፣ ወይ አንድ ዳገት። ሰውነቷ ሊለምደው ሲል ሥራው ይቀየርበታል። በጊዜ ትተኛለች። ትበላለችም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ። በዚያ ሰሞን የእንቁላል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበርና ባለሱቁ «ድግስ አለሽ እንዴ?» ይላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ መቶ ዘጠኝ አለ። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመችው የወንድሟ ሚስት ነበረች።

«ጨመረ እንዴ?»

«ለጊዜው ነው። ብረት የጀመረ ሰው ጡንቻው ውኃ ይይዛል ብሏል አሰልጣኙ። ደግሞ ብዪ ብሎኛል።»

«ብዪ አለሽ?»

«አዎ።»

«እህ» አለች የወንድሟ ሚስት።

ያቺ «እህ» ቤቱን ሞላችው። ማዕድ ላይ እጇ በተዘረጋ ቁጥር ሦስት ጥንድ ዓይን አብሮ ይዘረጋል። ማንም ምንም አይልም። እናቷ እንዲያውም «ብዪ እንጂ ልጄ» ትላለች፤ ግን አባባሏ የሚያስውጥ አልነበረም። ስልከኛዋ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ መቅረብ ትታ ክፍሏ ውስጥ፣ በሩን ዘግታ መብላት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ሚዛኑም ላይ መውጣት ተወች። አሰልጣኙ በሚዛን ፈንታ በሜትር ነበር የሚለካት፤ ወገቧን፣ ጭኗን፣ ክንዷን በደብተሩ ይጽፋል። ወገቧ በሁለተኛው ወር አራት ጣት ቀነሰ። ኪሎዋም ተንቀሳቀሰ። ግን እቤት ውስጥ «ወረደልኝ» ብላ ለማን ትናገር? ቀሚሶቿ እንደሆኑ ሰፋፊ ናቸው፤ አብሮ የሚኖር ዓይን ደግሞ ለውጥ አያይም። ጥፋት ካለባት ጥፋቷ ይኼ ነው፤ ቂም አይሉት ኩራት፣ የማኅተም ወረቀት ይዤ እስክመጣ ከነሱ ጋር አልነጋገርም ብላ አፏን ለጎመች።

በቀጠሮው ዕለት ጧት ብረቱን ስታነሣ አሰልጣኙ ፊቷን አይቶ «እንቅልፍ አልወሰደሽም?» አላት። «ወስዶኛል» አለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣቱን፣ ሁለት ብረት ይዛ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አራት ዙር ሠራች። መጀመሪያ ሰሞን ባዶ እጇን ሦስት ጊዜ ተነሥታ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። «ሆስፒታል ሂጂና ምንም ቢል ነገ ትመጫለሽ» አላት። «ከዘጠና ስምንት በታች ቢሆንም ትመጫለሽ፤ በላይ ቢሆንም ትመጫለሽ።»

መሥሪያ ቤት የጧቱ ስልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሰባት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በካርቶን ግርዶሽ ተለያይተው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ሰው በድምፅዋ የሚያውቃት እሷን ነው። አንዲት ሴት ዘጠኝ ቀን ውኃ ተቋርጦባት እየጮኸች ደወለች፤ ስልከኛዋ እስኪወጣላት ጠበቀቻትና «ይገባኛል እናቴ፤ አሁን የቤትሽን ቁጥር ንገሪኝ» አለቻት፤ ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። በየሳምንቱ የሚደውል አንድ ሽማግሌ አለ። «አባቴ፣ ውኃው መጣ?» አለችው። «መጥቶ ነበር» አላት፤ «ግን እንደ ወጣት ባል ነው፣ ሌሊት ይመጣል፣ ጧት የለም።» አጠገቧ ያሉት ሳይቀሩ ሰምተው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ትንሽ ላላ። በምሳ ሰዓት ጓደኞቿ ፊት ሁለቱን እንቁላሏንና ምስሯን በላች። የዚያ ክፍል ሰዎች የሰው አፍ አይቆጥሩም። ከዚያ የግማሽ ቀን ፈቃዷን አስፈርማ ወጣች።

የሆስፒታሉ ሚዛን በአረንጓዴ መጋረጃ ተከልሎ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ስልከኛዋን ከድሮው ፎቶዋ ጋር አመሳክራ ሁለት ጊዜ አየቻት። «እርስዎ ነዎት?» አለች። ስልከኛዋ ጫማዋን አወለቀች። ሰዓቷንም ልታወልቅ ነበር፤ ተወችው፤ በሰዓት ምክንያት የሚወድቅ ከሆነ ይውደቅ አለች። ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ዘጠና ሰባት ከዘጠኝ» አለች ነርሷ።

«እንደገና በይልኝ።»

«ዘጠና ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ከፈለጉ ይውረዱና እንደገና ይውጡ።»

ወርዳ እንደገና ወጣች። ያው ነው። ነርሷ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም አሳርፋ ሰጠቻት። ስልከኛዋ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች ቆማ አለቀሰች። አንዲት የማታውቃት ሴት «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ብላት አለፈች፤ ሰው የሞተባት መስሏት ነው። ከልቅሶዋ መሐል ሳቋ አመለጣት። በዓይነ ልቦናዋ የወንድሟን ክፍል አየች፤ ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ ስታስቀምጠው፣ እናቷ መነጽሯን ፍለጋ ስትሮጥ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ከወንበሯ ተነሥታ እጇን ጨበጠቻት። ደስ ብሏት ነበር፤ ከልቧ። ፋይሉን ከመደርደሪያው አውጥታ ገለጠችው። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች።

«ማንም አልነገረዎትም?»

«ምን?»

«ለወንድምዎ ሌላ ሰጪ ተገኝቷል። የባለቤቱ ወንድም ነው። ምርመራው ካለቀ ሁለት ሳምንት አለፈው። ቀዶ ጥገናው የፊታችን ሰኞ ነው።»

ስልከኛዋ የወረቀቱን ጫፍ በጣቷ ታጥፈውና ትዘረጋው ጀመር። «እኔ ግን ደረስኩ» አለች። «ይኸው፣ ከዘጠና ስምንት በታች።»

«አይቻለሁ። እንደርስዎ የደከመ ሰው አላየሁም። ግን የእርስዎ ምርመራ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። ቢያንስ ስድስት ሳምንት። ለማሽኑ የሚወጋው የወንድምዎ የደም ሥር እያስቸገረን ነው፤ ስድስት ሳምንት አልጠብቅም ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ...» ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «እርስዎ ሐሳብዎን እንደቀየሩ ነው የተነገረን። እዚህ ተጽፏል።»

«ማን ነው የነገራችሁ?»

ሐኪሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፋይሉን ዘጋች። «ወንድምዎ ራሱ ነው።»

አውቶቡስ አልተሳፈረችም። የሁለት ሰዓቱን መንገድ በእግሯ ሄደችው፤ ከአሥራ አንድ ወር በፊት ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤት ያለውን አልችልም የምትለው ሴት። እግሯ አልደከመም። እግሯ አለመድከሙ ነበር የሚያንገበግባት። እናቷ ጧት «ከእንግዲህ» ያለችው አሁን ገባት። ሁሉም ያውቁ ነበር። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረዋት ውለው አብረዋት እያመሹ፣ እሷ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ፣ ያውቁ ነበር።

ስትደርስ እናቷና የወንድሟ ሚስት ገበያ ወጥተዋል። ወንድሟ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። በግራ ክንዱ ላይ መርፌ የሚወጋበት ደም ሥር እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጧል። ቆዳው ወደ አመድ ያዘነበለ ነው። ስታየው ቁጣዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችለት። አነሣው። እንደ ተማሪ ፈተና ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዘጠና ሰባት ከዘጠኝ» አለ።

«ዛሬ ነው።»

«እትዬ...»

«ትታዋለች ብለሃል።»

ወንድሟ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሦስት ወር ሙሉ ሚዛን ላይ አልወጣሽም። ደብቃ ትበላለች ይሉኛል፤ አንቺም ዝም። ፈርታ ይሆናል አልኩ። ብትፈሪም አልፈርድብሽም፤ ቢላ ነው፣ ማን አይፈራም? እምቢ ማለት ከብዷት ነው፣ እኔ ልበልላት አልኩ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ አትዪኝም። ሞት ቢመጣም እምቢ አትዪኝም። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጋው እንደ ድሮው አልጮኸም። ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ከላይ ቤት ወንበር ይጎተታል። ልጅ ሆነው አባታቸው የሞተ ጊዜ እንዲህ ነበር የተቀመጡት፤ እሷ አሥራ ሦስት፣ እሱ ስድስት ዓመቱ። ያን ጊዜ «አንቺም ትሞቻለሽ?» ብሎ ጠይቋት «እኔ ወፍራም ነኝ፣ አልሞትም» ብላው ነበር፤ አምኗት እንቅልፍ ወሰደው።

«እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ እስክመጣ ብዬ ነው» አለች።

«ወረቀት ለምን አስፈለገሽ?»

«ቃሌን የሚሰማ ስላጣሁ።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ከታመመ ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። እጇን ይዞ «አላመንኩሽም፣ እትዬ። ሰዎቹ ይቅሩ፣ እኔ አላመንኩሽም» አለ። ትከሻውን ዳሰሰችው፤ አጥንት ብቻ ነው። ትንሽ ሲረጋጋ፣ «ዛሬ አትንገሪያቸው» አላት። «ሚስቴ ይኼን ወረቀት ካየች ወንድሟን ከአልጋው ታስነሣዋለች። ገና ልጅ ነው፤ ሌት ተቀን እያለቀሰች ነው የተስማማችው። እሱ ከተወ ሰኞ የለም። ሰኞ ከሌለ ደግሞ...» አልጨረሰውም። «ካለፈልኝ ራሴ ለሁሉም እነግራለሁ። ለእናታችንም፣ ለዘመዱም፣ አንድ ሳይቀር። ቃሌ ነው።»

«እሺ» አለች። «ሆድ ይፍጀው።»

ወረቀቱን መልሳ ኪሷ ከተተች። በር ሲከፈት ሰማች። እናቷ ከኮሪደሩ «ምነው ዛሬ በጊዜ መጣሽ?» አለቻት። «ራሴን አሞኝ ነው» አለች። «በጾም አይደለም መቼስ» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ እያወረደች። ስልከኛዋ ክፍሏ ገባች። በማግሥቱ ጧት ግን ተነሥታ ጫማዋን አሰረች፤ አሰልጣኙ ነገ ትመጫለሽ ብሏታል። ሌላ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ሁለቱ ሴቶች ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቲቱን እቤት ትተዋታል። ከበሩ ወዲያ የሁለቱም ወንድሞች ተኝተዋል። የወንድሟ ሚስት መሐረቧን ጨምቃ ጨምቃ ገመድ አድርጋዋለች። «ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው» ትላለች በየመሐሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሚስት እንኳ አላገባም። መኪና ሥር እየተኛ የሚበላ ልጅ ነው፤ ከባድ ዕቃ ማንሳት ቢከለከልስ?» ስልከኛዋ ሥጋቷ ገባት። ለአሥራ አንድ ወር ያንን ሥጋት ልትወስድላት ነበር የለፋችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። ከአራት ሰዓት በኋላ የወንድሟ ሚስት ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ አብጦ ቀልቷል።

«አልቀየምኩሽም፣ እትዬ» አለች። «ተናድጄብሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። አሁን ግን እዚህ ስቀመጥ ገባኝ። ፍርሃት የሰው ነው። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ስልከኛዋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አየች። በሩ ገና አልተከፈተም ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ሁለቱም ደኅና ወጡ። የባለቤቱ ወንድም በሳምንቱ ቆሞ ሄደ፤ በሁለተኛው ወር ወደ ጋራዡ ተመለሰ። የመምህሩ ፊት አመድነቱን ጥሎ ደም መሰለ፤ ቁምጣ ለብሶ ኮሪደሩን ሲመላለስ እናቱ ከኋላው እየተከተለች ታመሰግናለች። ስልከኛዋ የመጀመሪያውን ወር ምንም አልጠበቀችም፤ ታሞ ነው አለች። ሁለተኛውን ወር ጠበቀች። በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት ዘመድ ሁሉ እንኳን ተረፈልሽ ሊል መጣ። ሳሎኑ ሞላ። የእናቷ የአክስት ልጅ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሳይቀር መጥቷል። ስልከኛዋ የውኃ ብርጭቆ በትሪ እያዞረች ነበር። ያን ጊዜ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሆናለች፤ አንዷ ጎረቤት «ቀጠንሽ ልበል?» ብላት ሌላዋ ወዲያው ወሬ ቀይራባታለች።

«ምን ልበላችሁ» ትላለች እናቷ ለእንግዶቹ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ሥጋ ሲሸሽ ባዳ ደረሰልኝ። የተወለደው ሳይሆን የተዛመደው ነው ልጄን ያተረፈልኝ።»

ሁሉም ወደ ትሪው አዩና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። ስልከኛዋ ወንድሟ ፊት ደርሳ ቆማ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ እጇን ክንዱ ላይ ጥላለች፤ ርዕሰ መምህሩም የሚለውን ለመስማት ወደ ፊት አዘንብሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ በልክ ሲሰጠው የኖረ ሰው ነው፤ አሁን የፈለገውን ያህል ጠጣ ተብሏል። ከትሪው አንዱን ብርጭቆ አነሣና አፉ ላይ ደፋው። ረጅም ጊዜ ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ እያየች እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀችው።

ጨረሰ። ብርጭቆውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረ፤ ዓይኑን ግን ከብርጭቆው አላነሣም።

«አንድ ጨምሪልኝ፣ እትዬ» አለ።

ጨመረችለት።